ስድሳ ለሞላሽ ልጄ፤ የበልግ ልብስሽን ስለ ማሰናዳት

ልጄ፣ ጡረታ ልትወጪ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ባለፈው ስንጨዋወት ቁም ሣጥንሽ አልዘጋ እያለ፣ ጠዋት ጠዋት ግን የምትለብሺው እያጣሽ እንደምትቸገሪ ነግረሽኝ ነበር። አልገረመኝም። ቁም ሣጥኑን የሞላው ለቢሮ፣ ለስብሰባና ለሰው ዓይን የተገዛ ልብስ ነው፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ኑሮ ደግሞ ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ሴቻ፣ ከሴቻ ጨንቻ፣ ከለቅሶ ሠርግ፣ ከጓሮ ጸሎት ቤት ስትይ ነው የምትውዪው። ለዚህ ኑሮ ጥቂት ልብስ ይበቃል፤ ጥቂት የሚሆነው ግን ተመርጦ ነው። እምቢተኛ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። የምትመከሪ ልጅ ነሽ፤ ችግርሽ «እሺ» ብለሽ መተውሽ ነው። ስለዚህ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልሽ፤ አንዱን ሳትጨርሺ ወደ ሌላው አትለፊ።

1. መጀመሪያ ያለሽን ሁሉ አውጪና አልጋ ላይ ዘርጊው። ሰው ያለውን በዓይኑ ካላየ መግዛት አያቆምም። ካለፈው መስቀል ወዲህ የለበስሽውን ወደ አንድ ወገን፣ ያልለበስሽውን ወደ ሌላ ወገን አድርጊ። ያልለበስሽውን «ስከሳ እለብሰዋለሁ» እያልሽ አትመልሺው፤ ልብስ ለዛሬው ገላ ነው። የሠርግ ካባሽንና የእናትሽን ቀሚስ ግን ከሁለቱም አታስገቢያቸው። እነሱ ማስታወሻ ናቸው፤ ለብቻቸው በሣጥን ይቀመጡ። ካልለበስሽው የቀረውን ስጪ። ስትሰጪም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የወለቀ ቁልፉ ተተክሎ ይሁን፤ ለሰው የሚሰጥ ልብስ ራስሽ ለብሰሽው የማታፍሪበት መሆን አለበት።

2. ለሁለት አየር ልበሺ፤ አገርሽ አንድ አየር ብቻ የላትምና። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከፍታው ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሲቀላ ላይ ላብሽን ስትጠርጊ ቆይተሽ ጨንቻ ስትደርሺ በስምንትና በዘጠኝ ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ይቀበልሻል። በልግ ደግሞ ያብሰዋል። በእኛ በኩል ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ፣ ቆላው ከቀትር ሐሩር ወደ ዶፍ ሲገለበጥ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ደጋው ጉም ለብሶ ይውላል። የያኔው ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ሲቆረቆር፣ ከደጋ የመጡ ሰዎች ወፍራም ካፖርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ሲዞሩ አስታውሳለሁ። በዚህ አገር አንድ ወፍራም ልብስ ሸክም ነው። ስሱን በስሱ ላይ ደርቢ፦ ከሥር ቀጭን የጥጥ ቀሚስ፣ ከላዩ ከፊት የሚከፈት ሹራብ፣ ከዚያ ነጠላ፤ ጋቢው ታጥፎ በቦርሳ። ሽቅብ ስትወጪ ትጨምሪያለሽ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ትቀንሻለሽ። በእኛ ዕድሜ ሰውነት ሙቀቱንም ብርዱንም እንደ ድሮው ቶሎ አያስተካክልም፤ ስለዚህ እስኪበርድሽ አትጠብቂ፣ መንገድሽ ላይ ያለችው ዶርዜ ሳትደርሺ ደርቢ።

3. ቀለምሽን አሳንሺ። ነጭ፣ የባዘቶ መልክ፣ ቡላ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫና አንድ ጥቁር ቡናማ ይበቁሻል። እነዚህ ቀለሞች እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የትኛውን ከየትኛው ጋር ብታወጪ አይጣሉም። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ብትለብሺ እንኳ ተዛምዶ ታገኚዋለሽ። አቀማመጣቸውን ግን እወቂበት፤ ነጩ ወደ ፊትሽ፣ የአፈር መልኩ ወደ እግርሽ ይሁን። ነጭ ከፊት አጠገብ ሲሆን ብርሃን ይሰጣል፤ የጠቆረው ግን ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ ያጎላዋል። እግር አካባቢ ደግሞ የበልግ ጭቃ አለ። የጋሞ ደጋ አፈር ቀይ ነው፤ የነጭ ቀሚስ ጫፍ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም፣ በቡላና በቡናማ ጉርድ ላይ ግን ደርቆ ሲራገፍ ምልክቱም አይታይም። ሌላም ምክንያት አለ። ፈካ ያለ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፤ ጥቁር ሙቀቱን ውጦ ይይዛል። የወባ ትንኝም ወደ ጠቆረ ቀለም ታደላለች። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ዝናብ ካለፈ በኋላ ወባ እንዴት እንደምትነሣ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ለምሽት የምትለብሺው ሁሉ ፈካ ያለና እጅጌው እስከ አንጓሽ የሚደርስ ይሁን።

4. ቁጥሩን ወስኚ፤ ከወሰንሽ በኋላ አትለፊው። ለበልጉ የምመክርሽ ይህን ነው፦ ሦስት የጥጥ ቀሚስ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ሁለት ጉርድ (ሱሪ ከወደድሽ አንዱ ሱሪ ይሁን)፣ አንድ ክፍት ሹራብ፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የዝናብ ካፖርት፣ ሁለት ጫማ። ቀሚሱን ሦስት ያልኩት በልግ ላይ የታጠበ ልብስ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ነው፤ አንዱ ገላሽ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ተተኩሶ ማንጠልጠያ ላይ ይሆናል። ይህ ሐሳብ በውጭ አገርም ትልቅ ነገር ሆኖ ያውቃል። ዶና ካራን የተባለችው የኒው ዮርክ ዲዛይነር በፈረንጆቹ 1985 እርስ በርስ እየተቀያየሩ የሚለበሱ ሰባት ልብሶች አቅርባ ስሟ በዚያ ተነሣ። እናቶቻችን ከዚያ በፊት በሁለት ቀሚስና በአንድ ነጠላ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ብለው ሲወጡ ኖረዋል። እነሱ የገደባቸው ማጣት ነበር፤ አንቺ ግን በፈቃድሽ መርጠሽ ታደርጊዋለሽ፤ ይህ ዕድል ነውና አክብሪው።

5. ለነጠላሽ ከቀሚስሽ ይበልጥ ተጨነቂ። ቀሚሱ ቢያረጅ ነጠላው ይሸፍነዋል፤ ነጠላው ካረጀ ግን አዲስ ቀሚስ አያድንሽም። በአንድ ቀን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ቁጠሪው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ መስቀለኛ ታጣፊዋለሽ። ገበያ ስትወጪ ትከሻሽ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ። ለቅሶ ስትደርሺ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀሽ ትገቢያለሽ፣ ያየሽም ሁሉ ሐዘንተኛ መሆንሽን ያውቃል። ፀሐዩ ሲበረታ ራስሽ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሲነፍስ አንገትሽ ላይ ይውላል። ይህን ሁሉ የሚችለው ጥለቱ ረጋ ያለ ነጠላ ብቻ ነው። ደማቅ ቀይና ወርቃማ ጥለት ለሠርግ ያምራል፤ ለቅሶ ቤት ግን ይጮኻል። ስለዚህ አንደኛው ጥለቱ ጠባብ፣ ቀለሙ ቡላ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ሁለተኛው ጭራሽ ጥለት የሌለው ነጭ። ርዝመቱን ቁመሽ ብቻ አትለኪ። ለብሰሽው በርጩማ ላይ ተቀመጪ፤ ጫፉ መሬት ከነካ ረዝሟል። ስትነሺ የምትረግጪው ያ ጫፍ ነው፣ በእኛ ዕድሜ የሚሰበረው ደግሞ ዳሌ ነው።

6. ጥጥ መሆኑን ሳታረጋግጪ ገንዘብ አትክፈዪ። ዛሬ ገበያው ሸማ በሚመስል በፋብሪካ በታተመ ፖሊስተር ተሞልቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥለቱም አበባውም ያው ነው። ባለቤቱን አስፈቅደሽ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዢና ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣትሽ ስትነኪው የሚበተን ልስልስ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠጠር ይቋጥራል። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተሽ ተመልከቺ። በእጅ የተፈተለ ማግ ወጥ ውፍረት የለውም፤ እዚህም እዚያም ወፈር ያለ ክር ያልፍበታል። ጉድለት አይምሰልሽ፤ የእንዝርት ምልክት ነው። በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለጌጥ አይደለም። ላብ የማይመጥ ልብስ በአርባ ምንጭ ቀትር ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ቆዳ እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ፖሊስተሩን የቱንም ያህል ብታጥቢው፣ ብታለሰልሺው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

7. የሚቻልሽ ከሆነ ከሸማኔው እጅ ግዢ። ላንቺ ሩቅ አይደለም፤ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። ከገበያው አለፍ ብለሽ ሰፈር ግቢና እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ የተቀመጠውን ሸማኔ ቆመሽ እዪው። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል፤ ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ሰፊ ጋቢ መካከሉ ላይ ስፌት የሚኖረው ለዚህ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ገልብጠሽ ስፌቱን ተመልከቺ፣ እጥፎቹ እኩል መገጣጠማቸውን በጣትሽ ዳብሺ። በጋሞ ደጋ የምትፈትለው ሴቷ፣ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ባዘቶውን አፍታትታ፣ በእንዝርት አሹራ፣ ልቃቂት እስክታደርስ ድረስ ስንት ማታ እንደምታመሽ ያየ ሰው ዋጋ ሲከራከር ልክ ያውቃል። ስታዢ ደግሞ ቀለሙን በቃል አትንገሪ። ያንቺ ቡላና የሸማኔው ቡላ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ የምትፈልጊውን ክር ይዘሽ ሂጂና እጁ ላይ አኑሪለት፤ ጥለቱም ከሁለት ጣት አይስፋ በዪው። አንድ ነገር ግን ሳትጠይቂ አትውጪ፤ ማን ነው የሸመነው? ከጋሞ ደጋ ስንት ሕፃናት «ትምህርት ትገባላችሁ» እየተባሉ አዲስ አበባ ተወስደው በትምህርት ቤት ፋንታ የሸማ ጉድጓድ ውስጥ ማደጋቸው ያደባባይ ምሥጢር ነው። ሽሮ ሜዳ በላባቸው ቤት ሠርተው ልጅ ያስተማሩ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች አሉ፤ ክብራቸው ይበዛልና ከእነሱ ግዢ። ከማንም ይሁን ከማን፣ እጅግ የረከሰ ሸማ ስታዪ ግን ርካሽነቱ ከማን ጉልበት እንደተወሰደ ጠይቂ። የሸማችን ዋጋ ለሌላው ዓለም ጠፍቶት አያውቅም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆቹ 2007 «ለምለም» የተባለውን ድርጅት አቋቁማ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች የሠሩትን ስስ ጥጥ ለውጭ ገበያ የበጋ ልብስ አድርጋዋለች። ባሕር ተሻግሮ የሚገዛው ሸማ ላንቺ እዚሁ ቅርብሽ አለ።

8. ጨርቁ ውሃ ሳያይ መቀስ አይየው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ አስቀድመሽ ካሰፋሽው ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት፣ እጅጌው ከአንጓ ወደ ክርን ይሸሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ውሃ ውስጥ አሳድረሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ ወደ ልብስ ሰፊው ውሰጂው። ድርቅ ያለው አዲስ ጨርቅም በዚያው ይለዝብልሻል።

9. ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትቀመጪ አታፍሪ፤ የሚያስቸግርሽን ሁሉ ንገሪው። ከሴቻ ሲቀላ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድም አለ፤ ስለዚህ የቀሚሱ ዙሪያ ጉልበት አነሥቶ የሚያራምድ፣ ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ አራት ጣት ይሁን። ከኋላ ዚፕ አይግባበት፤ ትከሻ ሲያረጅ እጅ ወደ ኋላ አይደርስም። ከፊት ይከፈት፣ ቁልፎቹም ትልልቅ ይሁኑ፤ ቁርጥማት የያዘው ጣት ትንሽ ቁልፍ ላይ ሲንገላታ ማየት ያሳዝናል። ወገቡ ላይ ላስቲክ ይግባ፣ ጠብቆ ግን ምልክት አይተው። በሁለቱም ጎን ጥልቅ ኪስ አሠሪ፦ መነጽር፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ መሐረብ። ሴቶች ቀሚሳችን ኪስ ሳይኖረው ስንት ዓመት በቡጢያችን ጨብጠን እንደዞርን ሳስብ ይቆጨኛል። ብብቱ ሥር ጣት የሚያስገባ ትርፍ ጨርቅ ይተውልሽ፤ ገላ በዚህ ዕድሜም ይለዋወጣል፣ ያኔ ፈትቶ ማስፋት እንጂ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። በመጨረሻም ልኩን ቆመሽ ብቻ ሳይሆን ተቀምጠሽ፣ እጅሽን ሰቅለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ሞክሪው። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ስጪ።

10. በጫማ አትቆጥቢ። ሁለት ይበቃሻል፤ ለቆላው ተረከዙን የሚይዝ ክፍት ጫማ፣ ለደጋው ዝግ የቆዳ ጫማ ከነካልሲው። ቀለማቸው ቡናማ ይሁን፤ ከሁሉም ይሄዳል። ዝግ ጫማውን ያልኩት ለጭቃ ብቻ አይደለም። በዝናባማው ደጋ ያለው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ እግርን ያሳብጣል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ዝሆኔ ይህ ነው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ ሕመም አለበት፣ የጋሞና የወላይታ ደጋ ሰዎችም በደንብ ያውቁታል። እርግማን ነው፣ ዘር ነው እየተባለ ስንት ሰው ከሠርግና ከማኅበር ተገልሏል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። ዘመድ ጥየቃ ወጥተሽ «ጓሮ ብቻ ነው» ብለሽ በባዶ እግርሽ እንሰት ውስጥ አትግቢ። ቤትሽ የተረፈ ደህና ጫማ ካለም ለማን መሄድ እንዳለበት አሁን አውቀሻል።

11. ጃንጥላሽ ጠንካራ፣ ካፖርትሽ ቀላል ይሁን። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

12. ጥቁር ልብስ አይውረስሽ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ በዚህ ዕድሜ ለቅሶ ስለሚበዛ ነው። ዛሬ የጎረቤት፣ ነገ የአብሮ አደግ፣ ከነገ ወዲያ የወንድም። ለእያንዳንዱ ከል ስትለብሺ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባና ነጩ ከቁም ሣጥን ሳይወጣ ዓመታት ይነጉዳሉ። ለቅርብ ሰውሽ ልበሺ፤ ሐዘንን መካድ አይገባም። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ግን አውልቂው፣ ሰውም «አውልቂ» እስኪልሽ አትጠብቂ። ለቀረው ለቅሶ ጥቁር ቡናማው ቀሚስና የተዘቀዘቀ ነጠላ በቂ አክብሮት ናቸው። ጥቁሩን አንድ ብቻ ያዢ፤ ከተረፈ አስቀድሜ በነገርኩሽ ስጦታ ውስጥ ይግባ።

13. ረጋ ያለ ቀለም ስላልኩሽ ዱንጉዛን ተዪ ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ዱንጉዛ የጋሞ ኩራት ነው፤ የመስቀል በዓላችን ዮ መስቀላ ሲደርስ አደባባዩ በእሱ ሲደምቅ እኔም ልቤ ይሞቃል። እንዲያውም በዘወትር ልብስሽ ቀለሙን ስትቀንሺ ለበዓሉ ቀለም ቦታ ትተዪለታለሽ። የዱንጉዛ ሻርፕ ወይም መቀነት አንድ ይኑርሽ። በነጭ ቀሚስ ላይ ጣል ስታደርጊው ሌላ ጌጥ አያሻሽም። የዘወትር ካደረግሽው ግን መስከረም ሲመጣ የሚያስደስትሽ ምን ይቀራል?

14. እጥበቱን ከግዢው እኩል ተማሪ። ነጭ ሲባል በረኪና የሚቀናቸው ሰዎች አሉ፤ አንቺ ተዪው። በረኪና የጥጥን ክር ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ ጥለቱንም ያደበዝዛል፤ ነጠላሽ ገና ሳያረጅ ትከሻው ላይ ይቀደዳል። ቀይ ጭቃ ሲይዝሽ እርጥብ ሳለ አትሺው፤ ይደርቅ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ። አያቶቻችን ሸማ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። እንዶድን ንቀሽ እንዳትተዪው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው። ለልብስ ልዝብ ነው፤ ገዳይነቱን ግን አትርሺና ውሃውን ዓሣ ወዳለበት ወንዝ አትድፊው። ጋቢ ብቻሽን አትጭመቂ። ውሃ የጠጣ ጋቢ ከባድ ነው፣ ሲጠመዘዝም ክሩ ይሸሻል፤ ከልጆች አንዱን ጥሪና ተጫኑት እንጂ አትጠምዝዙት። ነጩን ፀሐይ ላይ፣ ባለ ጥለቱን ጥላ ሥር አስጪ። በደንብ ሳይደርቅ ካጠፍሽው የበልግ እርጥበት ያሻግተዋል። ሣጥኑንም ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ በቀርከሃ የተሠራውን የዶርዜ ቤት ከሥሩ እየበላ በየዓመቱ የሚያሳጥር ምስጥ ላንቺ ጋቢ አይራራም።

15. «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትለብሳለች» ቢሉሽ አትደንግጪ። ንጹሕ ይሁን፣ የተተኮሰ ይሁን፣ በልክሽ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ለሰው ዕዳ የለብሽም። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት ሲመልሱ፣ ወጣቱን ያቆመው የእነሱ ሽማግሌነት ነው። ምን እንደለበሱ የጠየቀ አልሰማሁም። በስድሳ ዓመትሽ የምትከበሪበት ነገር ከልብስሽ ቀድሞ ተሠርቷል፤ ልብሱ የሚጠበቅበት አለማስቸገር ብቻ ነው።

16. ይህን ሁሉ በጊዜው አድርጊ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ የሁሉም ሰው ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ይወርድና የሸማኔው እጅ አይለቅም፣ ልብስ ሰፊውም «ነገ ነይ» ማለት ይጀምራል። ተቻኩሎ የተሠራ ሸማ ድሩ ይሳሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ትዕዛዙን የካቲት ውስጥ ስጪ፤ ጨርቁ ደርሶ፣ ውሃ አይቶ፣ ተሰፍቶ እስኪያልቅ መጋቢት ይገባል፣ የመጀመሪያው ዝናብም ተሰናድተሽ ያገኝሻል። እኔ የፊታችን ሐሙስ ዶርዜ እወጣለሁ። ቡላውንና ግራጫውን ክር ይዘሽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ጠብቂኝ፤ ዝግ ጫማሽን አድርገሽ ነይ።